ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው

ዲሹን ነፋስ ገፍቶት ክረምቱ ሲገባ፣
ጣቢያው ተቀይሮ ታየ ጥልፍ አበባ።
ልብስ ሰፊው ሸዋሉል መኪናውን ትቶ
ቆመ፣ ደረቱ ላይ መርፌ ክሩን ሰክቶ።

አንዲት ባልቴት ጥልፏን ለሩቁ ተመልካች
ገልብጣ የጀርባውን ቋጠሮ አሳየች።
ስፓኒሽ አይገባው፤ ድምጹን ቀነሰና
የጠርዙን አሰፋፍ አነበበ እንደ ዜና።
«ኦአክሳካ» ይላል ከግርጌው ጽሑፉ፤
በሳሙና ስባሪ፣ በጥቁር ሱፍ ላይ፣
አበባውን ቀዳ ከነቅርንጫፉ።

ወር ሳይሞላ፣
ፒያሳ፣ ወረፋ፣ ካፊያ እየጣለ፣
«ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ወያላው እያለ፣
ትርሲት ያንን ጥልፍ ለብሳ ገባች፤ ታክሲው ሞላ።

ሸዋሉል ከበሩ፣ ከነቁስል ጣቱ፣
አበባውን ሸኘ ወደ አገር ቤቱ።