ቢላ ያልገባበት

ኅዳር ሲገባደድ፥ ውርጩ ሲበረታ፣
ከአቀስታ ቁልቁል፥ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣
አውድማው ተጠርጎ፥ ጭዱ ተከምሮ፣
መንሽና ላይዳው ከካቡ ተደግፎ አድሮ፣
የመንደሩ ድስት ይወጣል፥ አንድ ጆሮው የጎደለ፣
ማን እንደገዛው የማይታወቅ፥ ስንቱን ዘመን ያበሰለ።

እኔ ጭልፋ ያዥ ነኝ። ሹመት አይደል፥ ዕጣ ነው፤
አምና በላይነህን፥ ዘንድሮ እኔን ያገኘው።

ከየቤቱ አንድ እፍኝ ነው ሕጉ፤
እፍኙም የባለቤቱ እጅ ነው፥ ጣሳ አይገባም በወጉ።
የእትዬ ጦይባ እፍኝ የወፍ ጎጆ ታክላለች፣
የአራጋው እፍኝ ደግሞ ቁና ልሁን ትላለች።
ማንም አይተያይም፤ አውድማ ላይ ቆጠራ የለም፣
«ስንት ሆነ?» ያለ ልጅ፥ አንድ ክርን፥ ከዚያ ዝም።

ገብሱ ተፈትጎ፥ ባቄላው ተከክቶ፣
ምስሩ ከነጠጠሩ፥ ጓያው ተደብቆ ገብቶ።
(ጓያ ማን አመጣ? ሁሉም ያውቃል፥ ማንም አያወራ፤
አንዴ ውኃ ከነካው፥ ይንተከተካል ከስንዴው ጋራ።)

ከራያ የመጣ አዲስ አማች፥ ድስቱን ዐይቶ አዘነና፣
«ሥጋስ?» አለ።
ሸህ ሙሄ ሳቁ፥ ጥርስ አልቆ ሳቅ አያልቅምና።
መምሬ ላቀውም ሳቁ፥ ጋቢያቸው እስኪወድቅ ከትከሻ፤
«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ይኼ እንዳይመስልህ የድህነት ማስታገሻ።
ቢላ ከገባበት፥ ባራኪው ሁለት ይሆናል፣
የእሳቸው እኔን፥ የእኔም እሳቸውን ያልፋል።
ቅቤ እንዳንል ጾመ ነቢያት ገብቷል፥ ግማሹ ሰው ጦሙን ይውላል።»
ሸሁ ተቀበሉ፦
«ያንን ተውን፥ ይኼንንም ተውን፣
ከሁላችን ክልክል ተርፎ የቀረውን
ቀቅለን ጠጣን።
ጣመን።»

የጨው ነገር ግን . . .
ይመርና እንድሪስ ከበልግ ወዲህ አይነጋገሩም፤
አንዲት የድንበር ድንጋይ በሌሊት ሄዳለች፥ በእግሯ ግን አልሄደችም።
ጨው ማምጣት ዘንድሮ የሁለቱ ተራ፤
ማን አንድ ቃል ያውጣ፥ ማንስ ማንን ይጥራ?
ይመር መጣ፥ ፊቱን አዙሮ ጨመረ፤
እንድሪስ ጭዱን ዞሮ መጣ፥ ጨምሮ ተሰወረ።

እኔ ቀመስሁ።
ምላሴ አፋር ወርዳ፥ አሞሌ ጭና ተመለሰች።
የሸሁ ዓይን አነባች፤ የመምሬ ጢም ተንቀጠቀጠች።

«ውኃ!» ተባለ፤ ቢጫ ጀሪካን ከምንጩ ተግተለተለ፣
ውኃው ሲበዛ ሾርባው ቀጠነ፥ «እህል!» አለ።
ያጎደለ ይሙላ፥ ያበዛም ይሙላ ነው ደንቡ፤
ሁለቱ ወረዱ በቀጭኗ መንገድ፥ ሃያ እርምጃ ሳይቀራረቡ።
ሲመለሱ ግን ከረጢቱ ከበደ፥ ዳገቱም ቀጥ አለ፤
«ከዚህ ያዝልኝ» — ይኼን ብቻ ሰማን። ማን እንዳለ
አልለየንም፥ ነፋስ ነበር።
ዕርቅ አትበሉት። ድንጋይዋ ከሄደችበት አልተመለሰችም።
ከረጢቱ ግን አውድማ የደረሰው
በአራት እጅ ነው።

ድስቱ ሞልቶ፥ በጎደለው ጆሮው በኩል ፈሰሰ፣
የወንዝ ማዶ ሰው ተጠራ፥ እሱም ዘመድ ጠርቶ ደረሰ፤
ጎማ ሊቀይር የቆመ የአይሱዙ ሾፌር እንኳ
ሦስት ጣሳ ጠጥቶ፥ ጎማውን ረሳው።
የሸሁ ዱዓ ረዘመ፤ «አሚን» እና «አሜን»
በጭሱ ውስጥ ተጋፉ፥ የትኛው እንደቀደመ እንጃ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ፥ ልጆች የድስቱን ቂጥ ሲፍቁ፣
የመጨረሻዋ ጭልፋ ለእኔ ደረሰች፥ ፍሞቹ ሳያልቁ።
ጠጣሁ። ጥርሴ መሐል ቀጭ አለች፥ ጠጠር።
ከምስር ጋር የመጣች፥ የመሬት ፍርፋሪ።
አውጥቼ በመዳፌ አገላበጥኋት፤
ከይመር ማሳ ትሁን፥ ከእንድሪስ፣
አልነገረችኝም።