ከኋላዬ አትጥሩኝ

ከኋላዬ አትጥሩኝ፣ የሰፈሬ ሰዎች።
"አቤት" ብዬ ስዞር
ጦሳ አብሮኝ ይዞራል፣
የአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ጆሮዬ ይመጣል፣
የዳውዶ ቁልቁለት ሽቅብ ይሆንብኛል።
በፊቴ ዞራችሁ ኑ፤
ያኔ ሰላምታችሁን ቆሜ እቀበላለሁ።

ኮራች እንደተባልኩ አውቃለሁ።
አንዷማ ሱቅ በር ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"በጠዋቱ ቀማምሳ ነው" አለች፤
ግድግዳ ይዤ ስሄድ አይታ ነው።
አልፈርድባትም፣
እኔም በሌላ ሰው እንዲሁ ባልኩ ነበር።

የበሽታዬ ስም ረጅም ነው፤
ሐኪሙ ሲጠራው እንደ ሐረጎ መንገድ
ሦስት ቦታ ታጠፈ።
እናቴ ልትይዘው አልቻለችም፤
"የነርቭ" ብላ አሳጠረችው፣
ዱዓዋን ግን አስረዘመች።

ዘጠኝ ዓመት ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣
ሺህ እንዝርት ዙሪያዬን ሲሽከረከር
አንድ ቀን አልዞረብኝም።
ክር ሲበጠስ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል እለየው ነበር፤
በሁለት ጣት፣ ማሽን ሳላቆም፣ እቀጥለው ነበር።
አሁን የተበጠሰው
ጣት የማይደርስበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ያሳበቀብኝ ሙቀቱ ነው።
ግንቦት፣ እኩለ ቀን፣
ቀኝ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ እግሬ የሰው እግር ሆነ፤
ጥላ ስር ስቀመጥ ሁለቱም ተመለሱ።
ሰው የሚሸሸው የደሴ ብርድ
ለእኔ መድኃኒት ሊሆን፣
ጓዜን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፤
በይማም ሚኒባስ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
በየመታጠፊያው እያማጥኩ።

"አትጨፍኚ" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ፤
"እኔ ሃያ ዓመት ያልዞረብኝ
ሩቁን ስለማይ ነው።"
ይህንኑ በኋላ ሆስፒታል በወረቀት ጻፉልኝ።

ወረቀቱን የሰጠኝ ወጣቱ ሙሄ ነው፣
"ስፖርት ትሠሪያለሽ" ሲለኝ ሳቅሁበት።
"ወንበርሽን ግድግዳ አስደግፊ።
ምንጣፉን ጠቅልዪው፣ ነጠላ ጫማ ይቅር።
ማልደሽ ሥሪ፤ ሻሽሽን አርጥበሽ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ።
ሲዞርብሽ ተቀመጪ፣ አትፈሪ፣ አትጋፈጪ።
ድካም በርሽን ሳያንኳኳ
አንቺ ቀድመሽ አቁሚ።"

የመጨረሻዋ ከበደችኝ።
በኮታ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ፤
ሳይደክመኝ ማቆም
ስርቆት መሰለኝ።

ከሱብሒ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ፣
እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፤
ቤቱ ተንገዋልሎ ቦታው እስኪመለስ።
ወንበር ይዞ መነሳት፣ መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ።
አውራ ጣቴን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጥፍሩ ላይ ተክዬ፣
ራሴን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በቀስታ፣
በይሉኝታ እምቢ እንደሚል ሰው።
አንዳንዴ ያስመልሰኛል። ባልዲው አጠገቤ ነው።

ከዚያ በሲሚንቶው መስመር ላይ
ተረከዝ ከጣት፣ ተረከዝ ከጣት፣
ግድግዳው በግራዬ፣ የእህቴ ልጅ ረምላ በቀኜ።
እንደ ሚኒባስ ረዳት
"ሳብ! ሳብ! ኧረ ቀስ!" ትለኛለች፤
እኔም ሳይብስብኝ
"ወራጅ አለ!" እላለሁ፤
ሮጣ ወንበሩን ታቀርባለች።
ስርቆቱ እንዲህ ቀለለኝ።
ከታክሲ መውረድ ደግሞ ማንን ያሳፍራል?

ትናንት አሥራ አራት እርምጃ፣
ዛሬ ዘጠኝ።
ፋብሪካ ቢሆን ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት፣ ሰኞ ገበያ ጥግ፣
"ዘምዘም!" አለኝ አንድ ድምፅ፣ ከኋላዬ።
አወቅሁት፤ የማታ ፈረቃ ጓደኛዬ ሙሉነሽ ናት፣
ስለ እኔ ያልሰማች።
ቆምኩ። ግድግዳ ያዝኩ።
እግሬን አስቀደምኩ፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣
ከዚያ አንገቴን፣ ዓይኔን መጨረሻ፣
ተሳቢ ያለው መኪና ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞር።
ጦሳ ትንሽ ነቅነቅ አለ፣
ቆመ።
"አቤት" አልኩ።
ማንም የለም።

ለካ እኔ ዞሬ እስክጨርስ
ሮጣ በፊቴ መጥታለች፤
አሁንም ከኋላዬ ናት፣
አሁንም ስሜን ትጠራለች።
ግድግዳዬን እንደያዝኩ
ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣
"ባለሽበት ቁሚ" አልኳት፣
"እየመጣሁ ነው።"