አዋሳኝ

ደሴ ሳለን ቤቱ ከዳገት ተሰቅሎ፣
ግድግዳው ችፑድ ነው፣ በሚስማር ተንጠልጥሎ።
ከወዲያ ሲያስነጥስ ያከራየን ሰውዬ፣
"ይማርህ" እላለሁ፣ ከዚህ፣ ከአልጋዬ።
ጠባችን ሹክሹክታ፣ ዕርቃችን ጥቅሻ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ድምፅ አጥቶ መሸሻ።
ይማም ቢቆጣ እንኳ፣ ትራስ ተከናንቦ፣
ቁጣው ይደርሰኛል፣ በጥጥ ተሸብቦ።

እቁቡ ደርሶን፣ የአማቴ በሬ ተሸጦ፣
የጎደለው ደግሞ ከማኅበር ተሰጥቶ፣
ደላላው ደወለ፤ "ቦሩ ሜዳ ቤት አለ፤
ሦስት መቶ ካሬ፣ ካርታው ያልተጓደለ፤
ገበያ አይሰማ፣ ጡሩምባ አይጮኽበት፣
ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ሰማይ ያረፈበት።"
(ሁለት ከመቶ ካለው ደላላም ቅኔ ይዘርፋል።)

ሻጩ አቶ እሸቱ፣ እሸቱ ሙሄ ይባላሉ፣
"ጉልበቴን ውርጭ በላው፣ ቆላ ልግባ" ያሉ፤
ኮምቦልቻ ያለች ልጅ አልጋ አንጥፋላቸው፣
ቤቱን ሲያሳዩን ግን ቁልፉ ከእጃቸው
አልለቅ አለ።
በየክፍሉ ደጃፍ ቆም፣ ቆም እያሉ፣
ማንም ለሌለበት "እንግዶች መጡ" አሉ።

ውል ጸሐፊው ጻፈ፣ ሦስት ምስክር ፊት፦
በምሥራቅ፣ መንገድ።
በምዕራብ፣ ክፍት ቦታ፣ የማዘጋጃ ቤት።
በሰሜን፣ የአቶ አሊጋዝ ጓሮ።
በደቡብ፣ ወይዘሮ ሩቅያ አራጋው።
"የቀረ አለ?" ሲባሉ አቶ እሸቱ ዝም።
ብዕሩን እንዳነሡ ቆዩና፣ "አጥሩ ላይ፣ በደቡብ፣
ሰው በጎኑ የሚያልፍባት አንዲት ሽንቁር አለች፤
እሷ አትጻፍም።"
ፈረሙ።

የመጀመሪያው ሌሊት ጸጥታው አስፈራኝ፤
ጆሮዬ ተነሥቶ ኪራይ ቤት መለሰኝ፣
የሚያስነጥስ ፍለጋ።
ከሩቅ አንድ ውሻ ጮኸ፤ እሱም አልደገመ።
ከአይሱዙው ላይ ዕቃው ሁሉ ሲወርድ፣
ልማድም አብሮን ሾልኮ ገብቶ ኖሯል፤
ሦስት መቶ ካሬ ላይ፣ ጆሮ ለጆሮ ገጥመን፣
"ጨው አቀብለኝ" እንባባላለን፣ በሹክሹክታ።

ሳምንት ሳይሞላን ጓሮ ብወጣ፣ ሰው!
እትዬ ሩቅያ፣ እንቁላል በሻሽ ቋጥረው።
"ዶሮዬ የምትጥለው እዚህ ነው" አሉና፣
"ቤቱስ ለመዳችሁ?" አሉኝ፣ እንደ ባለቤት ሆነው ቆመው።
ከዚያ ወዲያ መስጊድ በኛ፣ ወፍጮ በኛ፣
ለቅሶ ሲደርሱም በኛ።

ቆርቆሮ ገዛሁ።
"ጸጥታ ነው የገዛሁት፣ መተላለፊያ አይደለም!"
ይማም መዶሻውን ደበቀ።
"ዝጊው እሺ። የሞትን ዕለት በየት ሊገቡልን ነው?"
ያኔ ጮኽኩ።
ከአሥራ አንድ ዓመት ሥር፣ ሙሉውን ድምፄን፤
ቆርቆሮው አስተጋባ፤ እኔው ደነገጥኩ፣
እንዲህ ወፍራም ነበር?
እሱም ጮኸ።
ለካ ካገባሁት ጀምሮ
ግማሹን ነው የማውቀው።
ልንስቅ ስንል

በሽንቁሯ፣ ሻሻቸው ወልቆ፣ ጫማቸው አንድ እግር ብቻ፣
እትዬ ሩቅያ።
"ምነው ልጆቼ! ምን ገባ በመሃላችሁ?
ተቀመጡ። አንድ በአንድ።"
ምን እንበላቸው?
በመሃላችን የገባው የገቡበት ነው።
"በጨው ነው" አለ ይማም።
"በጨው" አልኩ እኔም፣ ቆርቆሮውን በጀርባዬ ከልዬ።
ግማሽ ሰዓት ስለ ጨው መከሩን፣
መቼ እንደሚጨመር፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀምስ፤
መርቀውንም ሄዱ፣ በመጡበት።

ቆርቆሮው እስከ ዛሬ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።
ከሥሩ ጥላ አለ፤ ዶሮዋ ወዳዋለች።
ይማም፣ እንቁላሉ የእሳቸው ነው ይላል፤
እኔ፣ መሬቱ የኛ ነው እላለሁ፤
ጮክ ብለን።