እርከን

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ይመታል፣
በደብረ ማርቆስ ችሎት እርጥብ ጋቢ ይተናል።
እኔ ከታች ነኝ፣ ከዳኞቹ ወንበር ሥር፣
የተባለውን ልተይብ፣ ያልተባለውን ላልጨምር።

“ጥፋተኛ” የሚለው ባለፈው ተጽፏል፣
ለዛሬ የቀረው “ስንት?” የሚል ሆኗል።

ስንት ዓመት ያወጣል የቻላቸው ነፍስ፣
ሊያርም ወጥቶ የቀረ፣ ከገብሱ ሳይመለስ?

ዐቃቤ ሕግ ተነሣች፤ ልጅ ናት፤ ድምጿ ቀጭን፤
“ሟች እጁ ባዶ ነበር። ቅጣቱ ይክበድልን።”
ዶማው ጥግ ተደግፏል፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣
ጭቃው እንደ ደረቀ ነው፤ ማንም አልጠረገለት።

ጠበቃው ጣቱን አጠፈ፦
“አንድ፣ ሪከርድ የለበትም፤ የቀበሌ ደብዳቤ ተያይዟል።
ሁለት፣ አምስት ልጅ አለው፤ ታናሿን ገና ጡት ይዟታል።
ሦስት፣ በዚያው ሌሊት እጁን ሰጠ፤ አልሸሸም፤ አልካደም።
አራት፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ መስቀል ተይዞ፣ ደርቋል ደም…”
አራተኛው ጣት ላይ ሲደርስ ወደ የሻረግ አላየም።

የመሐሉ ዳኛ መመሪያውን ገለጡ፣ ሠንጠረዡን በጣት ተከተሉ፤
“ከዚህ እርከን እንነሣለን። በየምክንያቱ አንድ እርከን እንወርዳለን” አሉ።

እርከን።
እጄ ፊደሉ ላይ ቆመ።

እኛ አገር፣ ጮቄ ግርጌ፣ እርከን ሌላ ነው የምናውቀው፤
አፈሩን ጎርፍ እንዳይልሰው፣ ዓባይ ይዞት እንዳይሄድ ነው፣
በጋ ሰፈሩ ወጥቶ በድንጋይ የሚክበው።
ሰውየውም የሞተው ለዚያው ነው።
ቻላቸው አንዲት ድንጋይ ወደ ላይ ገፋ ተባለ፣
አንድ ክንድ አፈር፤ ከዚያ አይበልጥም፣ የለካው ምስክር እንዳለ።
ምንይችልም ዶማውን ይዞ
ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ዘለለ።

ዛሬም ይወርዳል።
በደብዳቤው አንድ፣ በልጆቹ አንድ፣ እጁን በመስጠቱ አንድ፣
አሁን ግን አይዘልም፤ ዳኞች ይዘውት ነው፣ በወረቀት መንገድ።

“የሟች ባለቤት፤ ታርቃችኋል?”
የሻረግ ተነሣች። ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ላይ።
“መጥተዋል፤ አልዋሽም። ላም ሰጥተውኛል።
ትታለባለች። ልጆቼም ጠጥተዋል።
ደሙ ደርቋል ካላችሁ ይድረቅ፤ ምን አቅም አለኝ።
ያቺን ድንጋይ ግን ማን ይመልሳታል? እሱን ብቻ ንገሩኝ።
እስከ ዛሬ እዚያው ናት።
የገፋት ሞተ። የተገፋበት ታሰረ።
እኔ እንዳልነካት፣ ‘ባሏ የሞተባት ነገር’ ይሉኛል፤
እንዳልተዋት፣ ነገ ልጄና ልጁ ያድጋል።”

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉ።
“ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው” አሉ፣ በለሆሳስ፣ “በሌላ መዝገብ።”
ወደ እኔ አዩ። መጻፍ የለበትም ማለት ነው።
አልጻፍኩም።

ጎንበስ ብለው ተማከሩ። ዝናቡ ምክሩን ከደነው።
አሥራ አራት ዓመት፣ ጽኑ እስራት፤
የታሰረበት ይታሰብለት፤
የግራው ዳኛ በሁለት ዓመት ተለይተዋል፤
ሁለት ክረምት በሁለት ወንበር መካከል ተንጠልጥሏል።

ምንይችል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤
ጸሎት መስሎኝ ነበር፤
ለካ የልጆቹን ዕድሜ ይደምራል።

ሦስት ቅጂ አወጣሁ፤ ለማረሚያ ቤት፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለመዝገብ፤
ማኅተሙ እርጥብ ነው፤ ቀለሙ ጣቴን ይነክር ጀመር።
የሻረግ በረንዳው ላይ ቆማ ኖሮ፣
“ስለ ድንጋዩ ጻፍሽው?” አለችኝ።

ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ያልሰማሁ መሰልኩ፣
ወረቀቱን ከሹራቤ ሥር ሸጎጥኩ።

ስናን ላይም ይዘንብ ይሆናል በዚህ ሰዓት፤
አንድ ክንዷ አፈር፣ ዳኛም ሽማግሌም ሳይጠራላት፣
ከድንጋዩ ሥር ሾልካ
እየወረደች ይሆናል፣ እርከን በእርከን፣ ወደ ታች።