ከገጽ ሦስት ጀምሮ

ከብሔራዊ ጀርባ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ላስቲኩን ገፈፈ፣ ውኃውን ደፋ በየተራ።
ከክምሩ ግርጌ፣ ከታክስ አዋጅና ከማትሪክ ጥያቄ ሥር፣
የራሴን ስም አየሁ፤ ዋጋው ሠላሳ ብር።

ሃያ ዓመት አለፈኝ ያን ልቦለድ ካሳተምኩ፣
«ማን አነበበው?» ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ።
«የምግብ ታሪክ ነው» አለኝ ሰውየው ሳያውቀኝ፣
«በባዶ ሆድ አይነበብም» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ቆሜ ገለጥ ባደርገው ዳር ዳሩ በእርሳስ ተጽፏል፤
አንዳንዱ ገጽ ቅባት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል።
ከሽፋኑ ጀርባ፦ «የሸዋርካብሽ ነው። የወሰደ ይመልስ።
ፒያሳ፣ ጎህ ሆቴል፣ ወጥ ቤት። ምሳ ከተነሣ በኋላ ድረስ።»

ገጽ ዘጠኝ፤ «ዶሮ ሠርታ አቀረበች» ብያለሁ በአንድ ትንፋሽ።
«ሽንኩርቱን ማን ከተፈው? ዶሮዋን ማን ገነጠለ?
አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ቁጠር፣ አትሽሽ።»
ገጽ ሃያ ሁለት ሠርግ ደግሼ ነበረ፤
«ድንኳኑ ደርሷል» ትላለች፣ «ቅቤው ግን መቼ ተነጠረ?»

አርባ ስድስት ላይ ፍቅረኞቼ ተጣሉ፤ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።
ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ልባቸው ጻፍኩ፣
ከአምባሳደር መናፈሻ በላይ ስለቆመችው ጨረቃ።
ከዳር አንዲት መስመር ብቻ፣ ወረቀቱን ልትቀድ የደረሰች፦
«ምድጃውን ማን አጠፋው?»

ሳቅኩ። ከዚያ ጆሮዬ ጋለ።
እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ ወንደላጤ ነኝ፣ በዱቤ የምበላ፣
ዶሮ ማነቂያ እየኖርኩ ዶሮ አንቄ የማላውቅ፤
ድስት ለኔ ክዳኑ ሲነሣ ነው እንጂ
ሲጣድ አላየሁም፣ ሲፈገፈግም በኋላ።

አንድ ቦታ ብቻ አመስግናኛለች፣ በርበሬው ሲያስነጥስ፤
«ይህን በዓይኑ አይቷል» ይላል።
ከዚያ ገጽ ግርጌ ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ ነገር፦
«ቲማቲም አምስት ኪሎ። ሥጋ ሦስት። የእናኑ ትምህርት ቤት ክፍያ።»
የመጨረሻው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ደግሞ በልሁ አለ።
ታስታውሱ እንደሆን፣ አታስታውሱም፣ ማንም አላነበበውም፣
ገጽ ሦስት ላይ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ያስቀመጥኩት ልጅ፣
ጉልበቱን አቅፎ፣ ሽታ በወጣ ቁጥር ቀና የሚል።
ለውበት ነበር ያስገባሁት፣ ሥዕል ጥግ ላይ እንደሚሣል ድመት።
«ይህ ልጅ በልቷል?» ትላለች እዚያው።
ሠላሳ አንድ ላይ፦ «አሁንም አልበላም።»
ሰባ ሰባት፦ «ደራሲው! ልጁ!»
መቶ አርባ ላይ እርሳሱ ሳይሰበር አልቀረም፣ በእስክሪብቶ ነው፦
«ከገጽ ሦስት ጀምሮ!»

እኔ መጽሐፉን በጭብጨባ ነው የጨረስኩት፣ ብርጭቆ ተነሥቶ፣
ሁሉም ጠግቦ፣ ሁሉም ስቆ፣ በልሁ ተረስቶ።
ከኋላ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ግን፣ ረጋ ባለ እጅ፣ ያለ ስርዝ፦

«በልሁን ጠራሁት። እጁን አስታጠብኩት።
ሽሮው ገና ይንተከተካል፣ ቃሪያ ሰነግኩለት።
አላወራም። ድገም አልኩት፣ ደገመ።
ጠረጴዛው ላይ ተኛ፣ አልቀሰቀስኩትም።
አሁን አለቀ።»

በነጋታው ፒያሳ ወጣሁ። ጎህ ሆቴል የነበረበት ሣር ለብሷል፤
አግዳሚ ወንበር፣ አዲስ አምፖል፣ ሰው ፎቶ ይነሣል።
የሣሩን ጠባቂ ጠየቅኩት። «የቱ ሆቴል?» አለኝ፣
ቆሎ እየቆረጠመ። ለኔም ዘገነልኝ።

«የወሰደ ይመልስ» ይላል መጽሐፉ። ለማን?

ማታ አዲስ ልቦለድ ጀመርኩ።
ገጽ አንድ ላይ ሽንኩርት ተጥዷል፣ በደረቁ፣ ያለ ዘይት።
ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ ትቻለሁ።
ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ።
ማንም አላፈቀረ፣ ማንም አልሞተ፤
አማስላለሁ።
ገና አልቀላም።