ቀረባት

ክሊኒኩ በድረ ገጹ አንድ ቁልፍ ተከለ፤
የሦስት ሰዓት ባሕር በአንድ ጣት ጎደለ።

በደቡብ ቺሌ ጫፍ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ኤዱቪና የክት ሹራቧን ለበሰች ለሐኪም ጉብኝት።
ያስና፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሳቋን በመዳፏ ያዘች፤
ስልኩን ከዱቄት ጣሳ አስደግፋ አቆመች።
አሮጊቷ ካሜራው ፊት ወንበር አቀረበች፤
«ይቀመጡ ዶክተር፣ ቆመው አይሆንም» አለች።

ዶክተር ኦያርሱን፣ ከወደብ ከተማው፣
ምስሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ እየቀደመው፣
«ጉልበትዎን ያሳዩኝ» ሲል
ጉልበቷን አሳየች፤
«ያበጠው እዚህ ጋ ነው፣ ይንኩት» ብላ አስጠጋች።
እሱም ሳያስበው እጁን ሰደደና
መስታወት ሲነካ መለሰው እንደገና።

መድኃኒት ታዘዘ። ደረሰኝ መጣላት።
«ከእንግዲህ በጀልባ መንገላታት ቀረልዎት!»
አላት።

ኤዱቪና ዝም።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት
ቤላርሚኖ ሲያስነሳ የጀልባውን ሞተር፣
እሱ ዳቦ ሲቆርስ፣ እሷ ወሬ ስትጀምር፣
ያ ማዕበል፣ ያ ሳቅ፣ ያ የናፍጣ ሽታ፤
ጉልበቷ ሰበብ ነበር ለሦስት ሰዓት ጨዋታ።
የመልስ ጉዞ ሒሳብ ጠይቋት አያውቅም፤
እሷም ለምን ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ስልኩ ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።

ያስና ለእናቷ ማታ ስትነግራት፦
«ሐኪሙ ነዋ! ያ ሰው ባሕር አቋርጦ ቀረባት።»
እናት ወደ ወደቡ እያየች ቃሉን ደገመች፤
«ባ»ን ግን አጥብቃ፣
«አዎ፣ ያ ሰው ቀረባት» አለች።