የጋራ አዳራሽ

ቮሩ ከተማ ላይ በረዶው ሲቆለል፣ ጥር እንደ ገባ፣
የስፖርት አዳራሹ ማሞቂያው ሞተና ተጠራ ስብሰባ።
ቀኑን የተማሪ ነው፣ ሲመሽ የዘማሪ፣
ሐሙስ የአዛውንቱ፣ የጥንድ ጨፋሪ።
«ስድሳው እጅ የእናንተ!» አለ ማዘጋጃ ቤት፤
«ምሽቱስ በማን ነው?» መለሰ ትምህርት ቤት።
ውሉ ተገለጠ፤ ስለ አምፖል ይላል፣
ስለ ጨው፣ ስለ አካፋ፤ ቧንቧውን ዘሎታል።

ኡርማስን፣ ቁልፍ ያዡን፣ ማንም አልጠራውም፤
ከማሞቂያው ሥር ነው፣ ጓንት እንኳ የለውም።
ደመወዙ ራሱ ከሁለት ኪስ ይመጣል፣
የአንዱ በቀኑ፣ የሌላው ይዘገያል።
ሲፈታ፣ ሲያጠብቅ፣ ሲራገም አነጋ።
ቧንቧው አጉረመረመ። ደከመውና ጥጉን ተጠጋ፣
የጠፋ ዕቃ ሣጥን ከተቀመጠበት፣
ያልተካፈሉትን ከሚያኖሩበት፦
የወይዘሮ ሄልዩ የጭፈራ ጫማ፣ ተረከዙ የሄደ፣
ከጎኑ የልጅ ጓንት፣ አውራ ጣቱ የተቀደደ።
አነሳው፤ አጠለቀው፤ ከሁለት ጣት አላለፈ።
በዚያው፣ እንዳጠለቀው፣ እንቅልፍ አሸነፈ።

ደረሰኙ ለማን እንደሚጻፍ ዛሬም አልተስማሙም።
ኳስ መንጠር ጀምሯል። ልጆቹ አልሰሙም።